ያልተማከለ ማኅበራዊ ሚዲያ፦ ሰርቨር ስለ መምረጥና የራስን ሰርቨር ስለ ማቆም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ማስቶዶንንና መሰሎቹን ለመጠቀም የፈለገ ሰው ገና ሲመዘገብ በሌሎች ማኅበራዊ ሚዲያዎች ላይ ፈጽሞ የማይነሣ ጥያቄ ይቀርብለታል፤ የትኛው ሰርቨር ላይ መመዝገብ ይፈልጋሉ? ብዙዎች እዚህ ላይ ግራ ተጋብተው ይመለሳሉ፣ ሌሎች ደግሞ ከዝርዝሩ ራስ ላይ ያገኙትን ይዘው ይገባሉ። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በዋናነት ማስቶዶንንና ከእሱ ጋር የሚነጋገሩ ሶፍትዌሮችን የሚመለከቱ ሲሆኑ፣ ሌላው ያልተማከለ ማኅበራዊ ሚዲያ ብሉስካይ አሠራሩ የተለየ በመሆኑ ለብቻው ተነሥቷል።

ያልተማከለ ማለት ምን ማለት ነው? ሰርቨር መምረጥስ ለምን አስፈለገ?

በተማከለ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የሁሉም ተጠቃሚ አካውንት፣ ጽሑፍና ምስል በአንድ ኩባንያ እጅ ይገኛል። ባልተማከለው ላይ ግን ግለሰቦች፣ ማኅበራትና ተቋማት የሚያስተዳድሯቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ሰርቨሮች አሉ፤ እያንዳንዱ የራሱ አስተዳዳሪና የራሱ ደንብ ቢኖረውም ሁሉም አንድ ዓይነት ፕሮቶኮል፣ ማለትም የጋራ የመነጋገሪያ ሥርዓት፣ ስለሚጠቀሙ፣ በአንዱ ሰርቨር ላይ የተመዘገበ ሰው በሌላው ላይ ያለውን ሰው መከተል፣ መልስ መስጠትና ጽሑፉን ማጋራት ይችላል። ይህ ፕሮቶኮል አክቲቪቲፐብ ይባላል፤ የድር ደረጃዎችን የሚያወጣው ደብልዩ3ሲ እ.ኤ.አ. በጃንዩወሪ 2018 በይፋ ያጸደቀው ነው። ማስቶዶን ራሱ ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ በዩጂን ሮችኮ አማካይነት ለሕዝብ የቀረበ ክፍት ሶፍትዌር ነው።

የአካውንትዎ አድራሻ ሁለት ክፍሎች አሉት፤ አንደኛው የመረጡት ስም ሲሆን ሁለተኛው የሰርቨሩ ዶሜይን፣ ማለትም በኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበት ስም፣ ነው። በመሆኑም ሰርቨር ሲመርጡ የአድራሻዎን ግማሽ፣ ጽሑፍዎ የሚቀመጥበትን ማሽንና በዚያ ማሽን ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለውን ሰው አብረው እየመረጡ ነው። ከሦስቱ ውስጥ ትልቁ ጉዳይ ሦስተኛው ነው፤ በዚህ ገጽ ላይ ያለው አብዛኛው ምክርም ወደዚያው ያመራል።

የትኛውም ሰርቨር ላይ ብመዘገብ ሁሉንም ሰው ማግኘት እችላለሁ?

በአብዛኛው አዎ፣ በሙሉ ግን አይደለም። ማንኛውም አስተዳዳሪ ሌላ ሰርቨርን ሙሉ በሙሉ ማገድ፣ ወይም ተጠቃሚዎቹ በራሳቸው ፍላጎት ካልተከተሉት በቀር ጽሑፎቹ እንዳይታዩ መገደብ ይችላል። ለምሳሌ ጋብ የተባለው ማኅበራዊ ሚዲያ እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ ማስቶዶን ሶፍትዌር ሲሸጋገር እጅግ ብዙ ሰርቨሮች ወዲያውኑ አግደውታል። ሜታ ኩባንያ ትሬድስ የተባለውን ማኅበራዊ ሚዲያውን ከዚሁ መረብ ጋር ማገናኘት ሲጀምርም አንዳንዶቹ በራቸውን ሲዘጉ ሌሎቹ ክፍት አድርገው ትተውታል። ስለዚህ ሊከተሏቸው የሚፈልጓቸው ሰዎች አስቀድመው ያሉበት ሰርቨር ካለ፣ ለመግባት ያሰቡት ሰርቨር ያንን ማገድ አለማገዱን ይመልከቱ። ብዙ ሰርቨሮች ያገዷቸውን ስለ ሰርቨሩ በሚያትተው ገጽ ላይ ከነምክንያቱ ያትማሉ፤ ያ ዝርዝር ስለ አስተዳዳሪው አመለካከት ከደንቡ ጽሑፍ በላይ ይናገራል።

ታዲያ ትልቁን መምረጥ አይሻልም?

የማስቶዶን አዘጋጆች ራሳቸው የሚያስተዳድሩት ማስቶዶን ዶት ሶሻል ትልቁ ሲሆን፣ ኦፊሴላዊው የስልክ መተግበሪያም አዲስ ተጠቃሚን በቅድሚያ የሚመራው ወደዚያው ነው። ነገ ጠዋት ይዘጋል የሚል ሥጋት የለም፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም በጣም ትልቅ ሰርቨር ላይ የሚቀርበው ጥቆማ ብዙ በመሆኑ አንዱ አቤቱታ እስኪታይ ሊዘገይ ይችላል፤ ምዝገባው ለሁሉም ክፍት ስለሆነም አጭበርባሪዎች በብዛት ይገቡበታል፣ በዚህም ሳቢያ ሌሎች ሰርቨሮች አልፎ አልፎ ይገድቡታል። ከሁሉም በላይ፣ ሁሉም ሰው አንድ ቦታ ከተሰበሰበ የተሸሸው ማእከላዊነት ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

በሌላው ጫፍ ያለው አንድ ሰው በትርፍ ጊዜው የሚያስተዳድረው ትንሽ ሰርቨር ነው። እዚያ አስተዳዳሪው በስም ያውቅዎታል፣ ችግርም በሰዓታት ውስጥ ሊፈታልዎ ይችላል፤ ነገር ግን ያ ሰው ከታመመ ወይም ከሰለቸ ሰርቨሩም አብሮት ይቆማል። እኔ ለጀማሪ የምመክረው በመካከል ያለውን ነው፤ ከአንድ በላይ አስተዳዳሪ ያለው፣ ገቢና ወጪውን በግልጽ የሚያሳይና ቢያንስ ለጥቂት ዓመታት ሳይቋረጥ የሠራ ሰርቨር።

በአንድ ርእሰ ጉዳይ ላይ ያተኮረ ሰርቨር መምረጥ ይጠቅማል?

ጥቅሙ ከሚታሰበው ያነሰ ነው። ስለ ሥነ ጥበብ ለማንበብ የግድ የሥነ ጥበብ ሰርቨር ላይ መመዝገብ አያስፈልግም፤ ሰዎችንና ሃሽታጎችን ከየትም ሆነው መከተል ይችላሉና። ልዩነቱ የሚታየው የሰርቨሩ አባላት ብቻ የጻፉትን በሚያሳየው የአካባቢ ዝርዝር ላይ ነው።

ከመመዝገቤ በፊት ምን ማረጋገጥ አለብኝ?

የሰርቨሩን መግለጫ ገጽ ከፍተው የሚከተሉትን ጥያቄዎች ይዘው ያንብቡ። ማን ነው የሚያስተዳድረው፣ ስንት ሰዎችስ ናቸው? ወጪው የሚሸፈነው በምንድን ነው፤ በአስተዳዳሪው ኪስ፣ በአባላት መዋጮ ወይስ በአንድ ተቋም? ደንቡ በግልጽ ቃል ተጽፏል ወይስ ከአንድ መስመር አያልፍም? የመጨረሻው የሶፍትዌር ማሻሻያ ተጭኗል? አስተዳዳሪው ራሱ በቅርቡ የጻፈው ነገር አለ? ሰርቨሩ ለወራት ድምፁ ያልተሰማ አስተዳዳሪ ካለው፣ የቀረው ሁሉ ቢያምር እንኳ አይግቡበት።

ለዚህ ሥራ የሚያግዝ አንድ መመዘኛ አለ። የማስቶዶን ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2019 የሰርቨር ቃል ኪዳን አውጥቷል፤ በኦፊሴላዊው የምርጫ ገጽ ላይ መዘርዘር የሚፈልግ ሰርቨር አራት ነገሮችን ለመፈጸም ይስማማል። ዘረኝነትን፣ የጾታ መድልዎንና በተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችና ጾታ በቀየሩ ሰዎች ላይ የሚሰነዘር ጥላቻን በንቃት ይቆጣጠራል፤ በየቀኑ መጠባበቂያ ቅጂ ይይዛል፤ በድንገተኛ ጊዜ ሰርቨሩን መክፈት የሚችል ቢያንስ አንድ ተጨማሪ ሰው ይኖረዋል፤ ሊዘጋ ሲል ደግሞ ተጠቃሚዎቹን ቢያንስ ከ3 ወር በፊት ያሳውቃል። ቃል ኪዳኑ በሕግ የሚያስገድድ ውል አይደለም። ያም ሆኖ አራቱ ነጥቦች፣ በተለይም ሁለተኛው ሰውና የ3 ወሩ ማስጠንቀቂያ፣ ስለ ማንኛውም ሰርቨር ሊጠየቁ የሚገባቸው ትክክለኛ ጥያቄዎች ናቸው።

አስተዳዳሪው የግል መልእክቶቼን ማንበብ ይችላል?

ይችላል። በማስቶዶን ላይ ለተጠቀሱ ሰዎች ብቻ የሚላክ መልእክት ከዳር እስከ ዳር፣ ማለትም ከላኪውና ከተቀባዩ በቀር ማንም እንዳያነበው፣ የተመሰጠረ አይደለም፤ በላኪውም ሆነ በተቀባዩ ሰርቨር ዳታቤዝ ውስጥ ሊነበብ በሚችል መልኩ ይቀመጣል። ይህን ለማድረግ የሚጨነቅ አስተዳዳሪ ጥቂት ነው፣ ደግሞም አብዛኞቹ የተጠቃሚዎቻቸውን ክብር የሚጠብቁ ሰዎች ናቸው፤ ነገር ግን ጉዳዩ የሰው ጠባይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሜይ 2023 የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ ከማስቶዶን ጋር ባልተያያዘ ጉዳይ የአንድን ሰው ቤት ሲፈትሽ፣ ሰውየው የኮሌክቲቫ ሰርቨር አስተዳዳሪ ስለነበረ ያልተመሰጠረ የዳታቤዝ ቅጂ አብሮ ተወስዷል። በዚያ ቅጂ ውስጥ የአባላቱ ኢሜይል አድራሻ፣ ለተከታዮች ብቻ የተጻፉ ጽሑፎችና ቀጥታ መልእክቶች ይገኙ ነበር። መረጃቸው ከተወሰደባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ከምርመራው ጋር ምንም ግንኙነት አልነበራቸውም።

ስለዚህ ምሥጢር የሆነ ነገር በእንዲህ ዓይነቱ መልእክት አይላኩ፤ ለዚያ ሲግናልን የመሰለ የተመሰጠረ መልእክት መላኪያ ይጠቀሙ። የራስዎን ሰርቨር ቢያቆሙም ይህ ምክር አይለወጥም፤ የመልእክቱ ቅጂ በተቀባዩ ሰርቨር ላይም አለና።

በኋላ ሐሳቤን ብለውጥ ወደ ሌላ ሰርቨር መዛወር እችላለሁ?

ይችላሉ፤ ምን እንደሚዛወርና ምን እንደሚቀር ግን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። አሠራሩ እንዲህ ነው። በአዲሱ ሰርቨር ላይ አካውንት ይከፍታሉ፤ በአዲሱ አካውንት ማስተካከያ ውስጥ የድሮው አካውንት የእርስዎ መሆኑን ይመዘግባሉ፤ ከዚያ ወደ ድሮው ተመልሰው ወደ አዲሱ መዛወርዎን ያዛሉ። ድሮው ሰርቨር ይህንን ለተከታዮችዎ ሰርቨሮች ያስታውቃል፣ እነሱም ተከታዮችዎን ወደ አዲሱ አድራሻ ያዞራሉ። እርስዎ የሚከተሏቸውን ሰዎች፣ ያገዷቸውንና ድምፃቸውን ያጠፉባቸውን ዝርዝር፣ እንዲሁም ያስቀመጧቸውን ጽሑፎች በፋይል አውጥተው በአዲሱ ላይ ያስገባሉ። አንዴ ከተዛወሩ በኋላ በዚያው አካውንት እንደገና ለመዛወር 30 ቀን መጠበቅ ግድ ነው።

የማይዛወረው የጻፉት ጽሑፍ ነው። የጽሑፎችዎን ማኅደር አውርደው ለራስዎ መያዝ ቢችሉም በአዲሱ ሰርቨር ላይ ተመልሶ አይታተምም። በዚህ ምክንያት ለዓመታት ከመጻፍዎ በፊት በመጀመሪያዎቹ ወራት መዛወር ይቀላል፤ ሰርቨሩ ካልተስማማዎት አይቆዩበት።

ሌላም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ከላይ እንደተገለጸው የመዛወሩን ትእዛዝ የሚያስተላልፈው ድሮው ሰርቨር ነው። ድሮው ሰርቨር ከሌለ የሚያስተላልፍ የለም። ስለ 3 ወሩ ማስጠንቀቂያ አጥብቄ የተናገርሁትም በዚህ ምክንያት ነው፤ የመውጣት ነጻነትዎ የሚወሰነው ሊወጡበት የሚፈልጉት ሰርቨር በመውጫዎ ቀን በሕይወት በመኖሩ ላይ ነው።

ሰርቨሩ ያለ ማስጠንቀቂያ ቢዘጋስ?

ተከታዮችዎን ያጣሉ፣ አድራሻዎም ይጠፋል፤ በሌላ ቦታ ከዜሮ ይጀምራሉ። ጉዳቱን ለመቀነስ የሚከተሏቸውን ሰዎች ዝርዝር በየወሩ፣ የጽሑፍ ማኅደርዎን ደግሞ በየጊዜው ያውርዱ። ማስቶዶን ማኅደሩን በየ7 ቀኑ አንዴ ለመጠየቅ ይፈቅዳል።

የራሴን ሰርቨር ማቆም ምን ይጠቅመኛል?

ዋናው ጥቅም አድራሻው የእርስዎ መሆኑ ነው። ዶሜይኑን በየዓመቱ እስካደሱና መጠባበቂያ ቅጂ እስከያዙ ድረስ ማሽኑ ቢበላሽ ወይም አከራይ ኩባንያው ቢከስር ሌላ ማሽን ላይ በዚያው ስም መቀጠል ይችላሉ፤ ተከታዮችዎም ምንም እንደተፈጠረ አያውቁም። ማንን ማገድ እንዳለበት የሚወስንልዎ ሌላ ሰው አይኖርም፣ መረጃዎም በእርስዎ እጅ ይሆናል።

ዋጋው ግን በየጊዜው የሚከፈል ትኩረት ነው። ሰርቨር አንዴ ተጭኖ የሚተው ነገር አይደለም፤ የጸጥታ ማሻሻያ ይወጣል፣ ዲስክ ይሞላል፣ ኢሜይል አልደርስ ይላል። ሰርቨሮች በብዛት ከሚሠሩበት ከሊኑክስ ሥርዓት ትእዛዝ መስጫ ጋር ምንም ትውውቅ የሌለው ሰው መጀመሪያ በሌላ ሰው ሰርቨር ላይ ጥቂት ወራት ቢቆይ፣ ከዚያ በኋላ ቢወስን መልካም ነው። በመካከል ያለ ሌላ መንገድም አለ፤ ማስቶዶንን በእርስዎ ዶሜይን ላይ ጭነውና እየጠበቁ በወርኃዊ ክፍያ የሚያከራዩ አገልግሎቶች ይገኛሉ። በዚህ ጊዜ የማሽኑ ሥራ የእነሱ፣ አድራሻው ደግሞ የእርስዎ ይሆናል። አድራሻውን ብቻ ለመያዝ ለሚፈልግ ሰው ይህ ከሁሉ የተሻለ ምርጫ ይመስለኛል።

የትኛውን ሶፍትዌር ልጫን?

ማስቶዶን በጣም የታወቀው ቢሆንም ለአንድ ሰው ከባድ ነው። የተጻፈው በሩቢ ኦን ሬይልስ ሲሆን ፖስትግሬስ ዳታቤዝን፣ ጊዜያዊ መረጃ የሚይዘውን ሬዲስን፣ ከኋላ ሥራ የሚያካሂደውን ሳይድኪክንና በኖድ የተጻፈውን የቀጥታ ሥርጭት ክፍል አብሮ ያስኬዳል፤ በ2 ጊጋባይት ሚሞሪ እየተጨናነቀ ሲሠራ፣ በ4 ጊጋባይት ግን በእርጋታ ይሠራል።

ለራስዎ ብቻ ከሆነ ጎቱሶሻልን በቅድሚያ እንዲያዩ እመክራለሁ። «ጎ» በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ አንድ ፋይል ነው፤ ኤስኪውላይት የተባለውን ቀላል ዳታቤዝ ስለሚጠቀም የተለየ የዳታቤዝ ሰርቨር አያስፈልገውም፣ ከግማሽ ጊጋባይት ባነሰ ሚሞሪም ይሠራል። የራሱ የመጻፊያ ገጽ ስለሌለው የሚጠቀሙት ለማስቶዶን በተሠሩ የስልክና የኮምፒውተር መተግበሪያዎች በኩል ነው። በኤሊክሲር የተጻፈው አኮማም ቀላል ነው። ምስል ለማጋራት ፒክስልፌድ፣ ቪዲዮ ለማስቀመጥ ፒርቲዩብ፣ በርእስ ለሚከፋፈል ውይይት ሌሚ አሉ፤ ሁሉም በአክቲቪቲፐብ ይነጋገራሉ።

ቤት ባለ ኮምፒውተር ላይ ላቁመው ወይስ ማሽን ልከራይ?

ቤት ማቆም ይቻላል፣ አስቀድመው ግን ሁለት ነገር ያጣሩ። የመጀመሪያው የኢንተርኔት አቅራቢዎ ለእርስዎ ብቻ የተሰጠ የአይፒ አድራሻ ይሰጥዎታል ወይስ አንዱን አድራሻ ለብዙ ደንበኞች ያጋራል የሚለው ነው፤ የተጋራ ከሆነ ከውጭ የሚመጣ ግንኙነት በቀጥታ ሊደርስዎ ስለማይችል በመካከል የሚያገናኝ ቶኔል ያስፈልጋል። ሁለተኛው መብራትና ኢንተርኔት ምን ያህል ይቋረጣል የሚለው ነው። ለጥቂት ሰዓታት መቋረጥ ጉዳት የለውም፤ ሌሎች ሰርቨሮች መልእክቱን ቆይተው ደጋግመው ይሞክራሉ። ለቀናት ከጠፉ ግን እርስዎን እንደሞተ ሰርቨር ቆጥረው መላክ ያቆማሉ።

በተከራዩት ማሽን ላይም ቢሆን ኢሜይል ያስቸግራል። ብዙ አከራዮች አይፈለጌ መልእክትን ለመከላከል ኢሜይል የሚላክበትን ፖርት 25ን ይዘጋሉ፤ ስለዚህ የማረጋገጫ ኢሜይሎችን በኢሜይል አስተላላፊ አገልግሎት በኩል መላክ ይቀላል። ብቻዎን ከሆኑ ያለ ኢሜይልም መኖር ይቻላል።

የዶሜይን ስም ስመርጥ ምን ልጠንቀቅ?

ከሁሉም ውሳኔዎች ሊቀለበስ የማይችለው ይህ ስለሆነ ጊዜ ወስደው ያስቡበት። ማስቶዶን ላይ አንዴ ሥራ ከጀመረ በኋላ ዶሜይኑን መቀየር አይቻልም፤ ሌሎች ሰርቨሮች የእርስዎን አካውንት የሚያውቁት በዚያ ስም ነው፣ ቢቀይሩት ፈጽሞ አዲስ ሰው አድርገው ያዩታል።

የዶሜይኑን መጨረሻም ልብ ይበሉ። የአገር መለያ ያላቸው ዶሜይኖች በአብዛኛው በዚያ አገር መንግሥት ሥልጣን ሥር ናቸው። የአፍጋኒስታንን ዶት ኤኤፍ መለያ ለአማላይ ስሙ ሲል ይጠቀም የነበረ አንድ የማስቶዶን ሰርቨር እ.ኤ.አ. በፌብሩወሪ 2024 በታሊባን አስተዳደር ዶሜይኑ ታግዶበት አድራሻውን አጥቷል። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2023፣ የማሊ መንግሥት በነጻ ይታደል የነበረውን ዶት ኤምኤል መለያ ወደ ራሱ ሲመልስ ዶሜይኑን ያጣ የሌሚ ሰርቨር ነበረ። በአገሩ የማይኖሩበትንና ሕጉን የማያውቁትን መለያ ስለ ማጠሩ ወይም ስለ ማማሩ ብለው አይግዙ። ዶት ኦርግን ወይም ዶት ኔትን የመሰለ የቆየ መለያ አይማርክም ይሆናል፣ ግን ይቆያል።

ሌላ ጠቃሚ ነገርም አለ። ዋናው ዶሜይንዎ ላይ ድረ ገጽ ካለዎት ማስቶዶንን በንዑስ ዶሜይን ላይ ጭነው አድራሻዎ ግን በዋናው ስም እንዲታወቅ ማድረግ ይችላሉ። ይህ የሚሆነው ዌብፊንገር በተባለው አሠራር፣ ዋናው ድረ ገጽ ለአንድ የተወሰነ ጥያቄ ወደ ንዑሱ እንዲመራ በማድረግ ሲሆን፣ መዘጋጀት ያለበት ግን ከመጀመሪያው ቀን ነው።

አንድ ሰው ብቻ ተመዝግቦበት ሳለ ዲስኩ ለምን ይሞላል?

ዲስኩን የሚሞላው የእርስዎ ጽሑፍ ሳይሆን የሚከተሏቸው ሰዎች የሚለጥፉት ምስልና ቪዲዮ ነው፤ ሰርቨርዎ የእያንዳንዱን ቅጂ ለራሱ ያስቀምጣል። ብዙ ሰው በተከተሉ ቁጥር ክምችቱ በአጭር ጊዜ በአሥር ጊጋባይቶች ይቆጠራል። በአስተዳዳሪው ገጽ ላይ የውጭ ምስሎች ከተወሰኑ ቀናት በኋላ እንዲሰረዙ የሚያዝ ማስተካከያ አለ፤ 7 ቀን ለአብዛኛው ሰው በቂ ነው። የተሰረዘው ምስል በባለቤቱ ሰርቨር ላይ ስላለ የሚጠፋ ነገር የለም።

መጠባበቂያ ቅጂ ውስጥ ምን ምን ይግባ?

ሦስት ነገሮች ግድ ናቸው፤ ዳታቤዙ፣ ምሥጢራዊ ቁልፎቹን የያዘው የማስተካከያ ፋይልና የራስዎ ተጠቃሚዎች ያስገቧቸው ምስሎች። የውጭ ምስሎች አያስፈልጉም።

ብዙዎች የሚረሱት ሁለተኛውን ነው። ከእትም 4.3 ጀምሮ ማስቶዶን አንዳንድ መረጃዎችን በዳታቤዙ ውስጥ መስጥሮ ስለሚያስቀምጥ፣ የምስጠራ ቁልፎቹ ከጠፉ የዳታቤዙ ቅጂ ቢኖርም እነዚያን መረጃዎች መልሶ ማንበብ አይቻልም። ዳታቤዙ ራሱ ከጠፋ ጉዳቱ የከፋ ነው። እያንዳንዱ አካውንት ጽሑፎቹን የሚፈርምበት ቁልፍ እዚያ ውስጥ ይገኛል፣ ሌሎች ሰርቨሮችም የዚያን ቁልፍ ይፋዊ ጥንድ ያስታውሳሉ። በዚያው ዶሜይን ላይ ሁሉንም ከባዶ ቢጭኑ አዲሱ ፊርማ ከሚያስታውሱት ጋር ስለማይገጥም ብዙ ሰርቨሮች መልእክትዎን ሊቀበሉ እምቢ ይላሉ፤ መፍትሔውም ብዙ ጊዜ አዲስ ዶሜይን መጠቀም ይሆናል። ቅጂውን ከማሽኑ ውጭ፣ ተመስጥሮ ያስቀምጡ፤ በዓመት አንዴም ቢሆን በሌላ ማሽን ላይ መልሰው ይሞክሩት።

ማሻሻያ ሲወጣ ወዲያው መጫን አለብኝ?

የጸጥታ ማሻሻያ ከሆነ አዎ፣ በዚያው ቀን። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2023 የተደፈነው የማስቶዶን ክፍተት በተለየ መልኩ በተዘጋጀ የምስል ወይም የቪዲዮ ፋይል አማካይነት አጥቂ በሰርቨሩ ላይ ፋይል እንዲጽፍ የሚያስችል ነበር፤ በፌብሩወሪ 2024 የተደፈነው ደግሞ አጥቂ በሌላ ሰርቨር ያለን ሰው መስሎ እንዲቀርብ ያደርግ ነበር። በሁለቱም ጊዜ አዘጋጆቹ ማስጠንቀቂያውን አስቀድመው አሰምተዋል። ስለዚህ ሶፍትዌሩ አዲስ እትም ሲያወጣ በኢሜይል እንዲነገርዎ ይመዝገቡ።

ሰርቨሬ ለምን ባዶ ይመስላል?

ሰርቨር የሚያውቀው በእሱ ላይ ያሉ ሰዎች የሚከተሏቸውን ብቻ ስለሆነ ነው። ብቻዎን ሲሆኑ አንድ ሃሽታግ ቢፈልጉ በትልቅ ሰርቨር ላይ ከሚታየው ጥቂቱን ብቻ ያገኛሉ፤ ከአንድ ጽሑፍ ሥር የተሰጡ መልሶችም ተጓድለው ሊታዩ ይችላሉ። ይህ ብልሽት አይደለም። ብዙ ሰው በመከተል ቀስ በቀስ ይስተካከላል፤ ሪሌይ የሚባሉትን የጽሑፍ አከፋፋዮች መቀላቀልም ይቻላል፣ ትልልቆቹ ግን የትንሽ ማሽንን አቅም ቶሎ ይጨርሳሉ።

ለወዳጆቼ ወይም ለማንኛውም ሰው ልክፈተው?

ለራስ ማስተዳደርና ለሌሎች ማስተዳደር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ሌላ ሰው እንደገባ የእሱን ኢሜይልና መልእክት የመጠበቅ፣ የሚቀርብበትን ወይም የሚያቀርበውን አቤቱታ የመዳኘት፣ እንዲሁም በሕግ የተከለከለ ይዘት ሲገኝ በሚኖሩበትና ማሽኑ ባለበት አገር ሕግ መሠረት የመፈጸም ግዴታ ይመጣል። ከነዚህ ሁሉ አድካሚው የሰዎችን ጠብ መዳኘቱ ነው፤ የቴክኒክ ችሎታም ለዚህ አይረዳም።

ምዝገባን ለሁሉም ክፍት አድርጎ መተው ደግሞ ሌሎችን ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በፌብሩወሪ 2024 በመላው መረብ ላይ የተሠራጨው የአይፈለጌ መልእክት ጎርፍ የተነሣው ምዝገባቸው ክፍት ከነበረና አስተዳዳሪዎቻቸው ከዘነጓቸው ትንንሽ ሰርቨሮች ነበር። ከዚያ በኋላ ማስቶዶን፣ አስተዳዳሪ ለአንድ ሳምንት ያህል ብቅ ካላለ ምዝገባው በፈቃድ ብቻ እንዲሆን በራሱ የሚቀይር አሠራር ጨምሯል። እርስዎ ግን እስከዚያ አይጠብቁ፤ በግብዣ ወይም በፈቃድ ብቻ ያስገቡ፣ ከአምስተኛው ወይም ከአሥረኛው ሰው በፊትም ሰርቨሩን መክፈት የሚችል ሁለተኛ ታማኝ ሰው ያግኙ።

ብሉስካይስ?

ብሉስካይ የሚሠራው ኤቲ ፕሮቶኮል በተባለ ሌላ መንገድ ነው። እዚያ ማንነትዎ ከሰርቨሩ ተለይቶ ስለሚታወቅ ሰርቨር ሲለውጡ ጽሑፍዎም ተከታዮችዎም አብረው ይሄዳሉ፤ ይህ ማስቶዶን የሌለው ትልቅ ብልጫ ነው። ሰርቨር ሳያቆሙም የራስዎን ዶሜይን መጠሪያዎ ማድረግ ይችላሉ። የግል መረጃ ማስቀመጫ ሰርቨርን ራስ ማቆም ለሁሉም የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በፌብሩወሪ 2024 ሲሆን፣ 1 ጊጋባይት ሚሞሪ ያለው ማሽን ለጥቂት ሰዎች ይበቃል። ይሁን እንጂ ጽሑፎችን ሰብስቦ የሚያሳየው ከባዱ ሥራ ዛሬም በአብዛኛው በብሉስካይ ኩባንያ ማሽኖች ላይ ይካሄዳል፤ ስለዚህ የራስን ሰርቨር ማቆም የማስቶዶንን ያህል ነጻነት አይሰጥም።

አንድ ቀን ሰርቨሬን መዝጋት ብፈልግ ምን ማድረግ አለብኝ?

ሌሎች ካሉበት ቀኑን ቢያንስ ከ3 ወር በፊት በጽሑፍም በኢሜይልም ያሳውቁ፣ ምዝገባውን ይዝጉ፣ የሚዛወሩበትን መንገድም በዝርዝር ያስረዱ። በመጨረሻው ቀን ማሽኑን ዝም ብለው አያጥፉት። ማስቶዶን በትእዛዝ መስጫው በኩል ለሚያውቃቸው ሰርቨሮች ሁሉ አካውንቶቹ መሰረዛቸውን የሚያስታውቅ ትእዛዝ አለው፤ ሰርቨሮቹ በሚያስቀምጧቸው ቅጂዎች ላይም ስረዛው እንዲፈጸም ማሽኑ መልእክቶቹን ልኮ እስኪጨርስ ድረስ ተከፍቶ መቆየት አለበት፤ እንደ ሰርቨሩ መጠን ቀናት ሊወስድ ይችላል። ትእዛዙ የማይቀለበስ ስለሆነ ሁሉም ሰው ማኅደሩን ማውረዱን ካረጋገጡ በኋላ ብቻ ይስጡት። ዶሜይኑን ደግሞ ቢያንስ ለአንድ ተጨማሪ ዓመት ያድሱት፤ የተለቀቀ ዶሜይንን ሌላ ሰው ገዝቶ በቀድሞ አባላትዎ ስም አካውንት ሊከፍትበት ይችላል።